የአንዲት ልብስ ሰፊ ገንዘብና የአንዲት መምህርት ምርጫ
(የሜሪ ማክላውድ ቤቲዩን የትምህርት ታሪክ፤ ለዕጩ መምህራን የቀረበ ጥናት)



ከድኻ ቤት የወጣ ሰው ተምሮ ለቁም ነገር ሲበቃ «እንዴት ቻለ?» ብለን እንጠይቃለን። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ቆራጥ ስለ ነበረ ነዋ!» የሚል ነው። ይህ መልስ ሐሰት ባይሆንም ሙሉ አይደለም። ቆራጥ ሆነው፣ ብሩህ አእምሮ ይዘው፣ ከማሳና ከከብት ኋላ ሳይወጡ የቀሩ ልጆች ስንት ናቸው? ቆራጥነት ብቻውን ደብተር አይገዛም፤ የመሳፈሪያ አይከፍልም፤ ቀለብ አይሰፍርም። በሌላ በኩል ደግሞ ገንዘብ ብቻውን ሰው አያስተምርም። ገንዘቡ ያለው ሰው ልጁን አያውቀውም፤ ልጁም ገንዘቡ ያለበትን አያውቅም። እነዚህን ሁለቱን የሚያገናኝ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ይኸውም «ይቺ ልጅ ትማር» ብሎ ስሟን የሚጠራ ሰው ነው። ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መምህር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጉዳይ በአንዲት ሴት ሕይወት አማካይነት ማጥናት ነው። ሴትዮዋ ሜሪ ማክላውድ ቤቲዩን ትባላለች። በአሜሪካ አገር በባርነት ከኖሩ ወላጆች ተወልዳ፣ በሰው ዕርዳታ ተምራ መምህርት ሆነች፤ ኋላም ትምህርት ቤት አቋቋመች። ታሪኳን የምናነበው ለመደነቅ ብቻ አይደለም። በየደረጃው «እዚህ ላይ ማን ምን አደረገ? ያ ሰው ያን ባያደርግ ኖሮስ?» እያልን ብንጠይቅ ለነገው ሥራችን የሚጠቅም ትምህርት እናገኝበታለን። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. የተወለደችበት ቤት

ሜሪ ማክላውድ በ1875 በደቡብ ካሮላይና ግዛት፣ ሜይዝቪል ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ተወለደች። አባቷ ሳሙኤል፣ እናቷ ፓትሲ ይባላሉ። ሁለቱም በባርነት የኖሩ ሰዎች ነበሩ። በአሜሪካ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1865 ስለሆነ ሜሪ የተወለደችው ነጻነት ከመጣ ከ10 ዓመት በኋላ ነው። ከ17 ልጆች 15ኛዋ ስትሆን፣ ከታላላቆቿ ብዙዎቹ የተወለዱት ገና ባርነት ሳይቀር ነበር።

ነጻነት መጣ ይባል እንጂ ባዶ እጅ ነጻነት ነበር። መሬት የለም፤ ከብት የለም፤ ፊደልም የለም። በባርነት ዘመን በብዙዎቹ የደቡብ ግዛቶች ለባሪያ ማንበብ ማስተማር በሕግ ያስቀጣ ስለ ነበር፣ ነጻ ከወጡት ሰዎች አብዛኛዎቹ ስማቸውን እንኳ መጻፍ አይችሉም ነበር። የሜሪ እናት ከነጻነት በኋላም ለቀድሞ ጌቶቿ መሥራቷን አልተወችም። ቤተሰቡ ጥቂት በጥቂት እያጠራቀመ 5 ኤከር፣ ማለትም 2 ሄክታር ገደማ መሬት ገዛ። ወንዶቹም ከግንድ ቤት ሠሩ።

በዚያ መሬት ላይ የሚዘራው በተለይ ጥጥ ነበር። ጥጥ ደግሞ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ሜሪ በ9 ዓመቷ በቀን 250 ፓውንድ፣ ማለትም ከአንድ ኩንታል የሚበልጥ ጥጥ ትለቅም እንደነበር ይነገራል። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን እናስብ። ያቺ ልጅ ትምህርት ቤት ዋለች ማለት ከቤቱ የአንድ ቀን ለቀማ ጎደለ ማለት ነው። ወላጅ ልጁን ከትምህርት የሚያስቀረው ሁልጊዜ ትምህርትን ስለሚጠላ አይደለም፤ ሒሳቡ ስለማይወጣለት ነው።

2. ያልተከፈተው መጽሐፍ

ሜሪ በኋላ ዘመን ደጋግማ የተናገረችው አንድ ነገር አለ። ልጅ ሳለች እናቷን ተከትላ ወደ አንድ የነጮች ቤት ሄደች። የቤቱ ልጆች የሚጫወቱበት ክፍል ውስጥ አንድ መጽሐፍ አየችና አነሣች። ከልጆቹ አንዷ ግን ማንበብ እንደማትችል ነግራ መጽሐፉን እንድታስቀምጠው አዘዘቻት።

ሜሪ መጽሐፉን አስቀመጠች። ነገሩ ግን ከልቧ አልወጣም። እንደ ተረዳችው ከሆነ፣ በነጭና በጥቁር መካከል ያለው ልዩነት በማንበብና ባለማንበብ ላይ የቆመ ነው። የልጅ ሐሳብ ነው፤ ነገሩ ከዚያ የሰፋ መሆኑን ኋላ ራሷ አይታዋለች። ሆኖም ሐሳቡ ውስጥ እውነት ነበረበት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ማንበብ መማር ለሜሪ የክብር ጉዳይ ሆነ።

ታዲያ ምን ዋጋ አለው? በአካባቢው ለጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። ፍላጎቱ ተወልዷል፤ በሩ ግን ገና አልተከፈተም።

3. መምህርቷ በደጃፍ

በሩን የከፈተችው ኤማ ዊልሰን የምትባል ጥቁር መምህርት ነች። የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በሜይዝቪል ለጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፍት እንድታስተምር ተላከች። እሷም ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ተማሪ እስኪመጣላት አልጠበቀችም። ከቤት ቤት እየዞረች ልጆቻችሁን ስጡኝ ስትል ለመነች። ማክላውዶች ቤትም ደረሰች።

ወላጆቹ ሁሉንም ልጆች መላክ አይችሉም ነበር። ማሳው አለ። ስለዚህ አንዲት ልጅ ትሂድ ተባለ፤ ያቺም ሜሪ ሆነች። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 10 ዓመት ገደማ ነው። ትምህርት ቤቱ ከቤቷ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ደርሶ መልስ 16 ኪሎ ሜትር በእግሯ ትሄድ ነበር። ትምህርቱም ዓመቱን ሙሉ የሚሰጥ አልነበረም። በዚያ አገር ገጠር የጥቁር ልጆች ትምህርት የሚካሄደው የጥጡ ሥራ ፋታ በሚሰጥበት ወራት ነበር።

ሜሪ ቀን የተማረችውን ማታ ለቤተሰቧ ታስተምር ጀመር። ከዚህም በላይ ቁጥር ስለ ተማረች ጥጥ ሲመዘን አብራ ታሰላ ነበር። ይኸ ቀላል ነገር እንዳይመስለን። ሚዛኑን የሚያነበው ገዢው፣ ሒሳቡን የሚጽፈውም ገዢው በሆነበት አገር፣ ቁጥር የምታውቅ አንዲት ልጅ በሚዛኑ አጠገብ መቆሟ ለቤተሰቡም ለጎረቤቱም ጥቅም ነበረው። ወላጅ «ትምህርት ምን ይፈይዳል?» ብሎ ሲጠይቅ ከመምህሩ ንግግር ይልቅ እንዲህ ያለው ነገር ይመልስለታል።

4. ትምህርቱ ሲቋረጥ

የሜይዝቪሉ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው የመጀመሪያውን ደረጃ ብቻ ነበር። ሜሪ ያን ስትጨርስ የሚቀጥል ነገር አልነበረምና ወደ ጥጡ ማሳ ተመለሰች። በዚያው ሰሞን የቤተሰቡ በቅሎ ሞተች። እርሻቸው በበቅሎ ስለሆነ ይህ ትልቅ አደጋ ነበር። ሌላ በቅሎ ለመግዛት ዕዳ ውስጥ መግባት ነው፤ ዕዳ ያለበት ቤት ደግሞ ልጅ ወደ ሩቅ ትምህርት ቤት አይልክም።

በብዙ ልጆች ሕይወት ውስጥ ታሪኩ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። የፈተና ውጤት አልጎደላቸውም፤ ስንፍናም አላሸነፋቸውም። በቅሎ ሞተች፣ ዝናብ ቀረ፣ አባት ታመመ፣ እናት ወለደች፤ በቃ። የክፍል መዝገቡ ላይ «አቋረጠች» ተብሎ በአንድ ቃል ይጻፋል። መምህሩ ያን ቃል ሲጽፍ ምክንያቱን ካልጠየቀ የልጅቱ ነገር በዚያው ተረስቶ ይቀራል።

5. ከዴንቨር የመጣው ገንዘብ

ከሜይዝቪል እጅግ ርቃ በምትገኘው የኮሎራዶ ከተማ ዴንቨር ውስጥ ሜሪ ክሪስማን የምትባል ሴት ትኖር ነበር። የክዌከር እምነት ተከታይ ስትሆን መተዳደሪያዋ ልብስ ስፌት ነበር። ባለጸጋ አልነበረችም። በመርፌ ከምታገኘው ገቢ ቀንሳ፣ ተምራ ለፍሬ ትበቃለች ተብላ የምትታመን አንዲት ጥቁር ልጅ ለማስተማር ወሰነች። ልጅቱን አታውቃትም፤ አይታትም አታውቅም። «ማን ትሁን?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ መልሱን የሰጠችው ከላይ ያየናት መምህርት ኤማ ዊልሰን ነች። የማሳዋን ልጅ አስታወሰች፤ ስሟንም ጠራች።

እንግዲህ ሁለቱን ነገሮች አስተያዩ። የልብስ ሰፊዋ ገንዘብ ባይኖር የመምህርቷ ትዝታ ምኞት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። የመምህርቷ ትዝታ ባይኖር ደግሞ ገንዘቡ ሜይዝቪል አይደርስም ነበር። ልብ የሚነካው ነገር፣ ዊልሰን ልጅቱን ያስታወሰቻት ትምህርቷን ጨርሳ ከክፍል ከወጣች በኋላ መሆኑ ነው። ስሟ ከመዝገብ ወጥቷል፤ ከመምህርቷ ልብ ግን አልወጣም።

ወሬው ሲደርስ ሜሪ ማሳ ላይ ነበረች። የያዘችውን ጥላ ተንበርክካ እንዳመሰገነች ራሷ ተናግራለች። ቀጥሎ የመጣው ነገር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ልናጤነው የሚገባ ነው። የትምህርቱ ወጪ ተችሏል፤ ግን ልጅቱ በምን ለብሳ ትሂድ? ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። አንዱ ካልሲ ሠራ፤ ሌላው ልብስ አዋጣ። በሚሄድበትም ቀን ሥራ ትተው እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሸኟት። እነዚህ ሰዎች እነርሱም የተቸገሩ ነበሩ። እኛ አገር «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ይኸው ነው።

6. ስኮሺያ

በ1888 ሜሪ በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ኮንኮርድ ከተማ ወደሚገኘው ስኮሺያ ወደሚባል የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች። ዕድሜዋ 13 ዓመት ነበር። ባቡር ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው። ትምህርት ቤቱ በ1867 የተቋቋመ ሲሆን፣ ነጻ የወጡ ሰዎችን ሴት ልጆች ለመምህርነትና ለማኅበራዊ አገልግሎት ያሠለጥን ነበር። መምህርት ኤማ ዊልሰንም የተማረችው እዚያው ነው። እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም፤ መምህር ልጅን ወደሚያውቀው በር ይመራል።

አዲስ ሕይወት መልመድ ግን ቀላል አልነበረም። ከግንድ ቤት የወጣች ልጅ ደረጃ ባለው የጡብ ቤት ውስጥ መኖር ጀመረች። በሹካ መብላት እዚያ ተማረች። ከሁሉ የበለጠ ያስገረማት ግን ጥቁሮችና ነጮች መምህራን አብረው ሠርተው አብረው በአንድ ማዕድ መቀመጣቸው ነበር። በሜይዝቪል መጽሐፍ ከእጇ ያስጣላት ልዩነት የግድ እንዳልሆነ በዓይኗ አየች። በመጽሐፍ ከተማረችው ያላነሰ ትምህርት ነበር።

የተሰጣት ዕርዳታም ሁሉን ነገር አልሸፈነም። ሜሪ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ልብስ እያጠበች፣ ወለል እየወለወለች፣ ኩሽና እየሠራች ጎደሎዋን ትሞላ ነበር። በዓመቱ ዕረፍትም ወደ ቤቷ መመለሻ ስለማይኖራት በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ስለዚህ «ዕድል አገኘች» ስንል ድካም ቀረላት ማለታችን አይደለም። ድካሟ ወደ አንድ ቦታ የሚያደርስ ድካም ሆነላት ማለታችን ነው። ጥጥ ስትለቅም የምትደክመው ድካም መልሶ ወደ ጥጡ ማሳ ያደርሳት ነበር፤ የስኮሺያው ድካም ግን ወደ ዲፕሎማ አደረሳት። ትምህርቷን በ1894 ጨረሰች።

7. የተዘጋው በር

ሜሪ የነበራት ምኞት ወደ አፍሪካ ሄዶ ማስተማር ነበር። ለዚህም ብላ ወደ ቺካጎ ሄዳ በሙዲ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ተማረች። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኗን የሚስዮን ቦርድ እንዲልካት ጠየቀች። የተሰጣት መልስ በአፍሪካ ለጥቁር ሚስዮናዊ ክፍት ቦታ የለም የሚል ነበር።

ይህን መልስ በሕይወቷ ካጋጠማት ሁሉ የከፋ ሐዘን አድርጋ ትቆጥረው ነበር። ይገባታል። 250 ፓውንድ ጥጥ የለቀመች፣ 16 ኪሎ ሜትር የተመላለሰች፣ ወለል እየወለወለች የተማረች ልጅ በመጨረሻ በቀለሟ ተመለሰች። ትምህርት በርን ሁሉ ይከፍታል እያሉ መስበክ የማይበቃው ለዚህ ነው። አንዳንድ በር በዕውቀት አይከፈትም። የተማረ ሰው ከዚህ ሐዘን በኋላ ምን ያደርጋል? ጥያቄው ይህ ነው።

ሜሪ ወደ ደቡብ ተመልሳ በጆርጂያ ግዛት፣ ኦጋስታ ከተማ በሄይንዝ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረች። ይህን ትምህርት ቤት ያቋቋመችው ሉሲ ክራፍት ሌኒ የምትባል ጥቁር መምህርት ነች። ሌኒ ከጥቂት ተማሪዎች ተነሥታ ትልቅ ትምህርት ቤት ስትመራ ሜሪ አጠገቧ ሆና አየች። ሩቅ አገር ሄዳ ልትሠራው ያሰበችው ሥራ እዚሁ ደጇ ላይ እንዳለም ተረዳች።

8. አንድ ዶላር ከ50 ሳንቲም

ሜሪ በ1898 አልበርተስ ቤቲዩን የሚባል ሰው አገባች፤ አንድ ወንድ ልጅም ወለደች። በ1904 ወደ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ወደ ዴይቶና ሄደች። በዚያ የባቡር ሐዲድ ሥራ ስለ ነበረ ብዙ ጥቁር ሠራተኞች ይኖሩ ነበር። ለልጆቻቸው ግን በቂ ትምህርት ቤት አልነበረም። ሜሪ በእጇ የነበራት ገንዘብ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነው። አንድ ትንሽ ቤት ተከራየች፤ በጥቅምት ወር 1904 በ5 ልጃገረዶችና በራሷ ልጅ ትምህርት ጀመረች።

የማስተማሪያ መሣሪያውን እንመልከት፤ ለእኛ ሙያ የሚጠቅም ነውና። ወንበርና ጠረጴዛው ከተጣለ ሣጥን የተሠራ ነው። እርሳሱ የከሰለ እንጨት ነው። ቀለሙ ከዱር ፍሬ ጭማቂ የተጨመቀ ነው። ለወጪው ደግሞ የስኳር ድንች ኬክ እየጋገረች ለሐዲድ ሠራተኞች ትሸጥ ነበር። ቆሻሻ መጣያ የነበረ መሬት በ5 ዶላር ቅድሚያ ክፍያ ያዘች፤ ያንንም 5 ዶላር ያገኘችው ከኬክና ከአይስክሬም ሽያጭ ነው። በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ የተማሪዎቹ ቁጥር ወደ 250 ደረሰ።

ሜሪ ለድኾቹ ኬክ ስትሸጥ ሀብታሞቹንም አልተወቻቸውም። ዴይቶና ባለጸጎች ክረምታቸውን የሚያሳልፉባት የባሕር ዳር ከተማ ነበረች። በየቤታቸው እየሄደች ስለ ትምህርት ቤቱ አስረዳቻቸው። ከነዚያም መካከል የሳሙና ፋብሪካ ባለቤት ከሆነው ቤተሰብ የተወለደው ጄምስ ጋምብል የቦርዱ ሰብሳቢ ሆነ። መለመን አላሳፈራትም፤ የምትለምነው ለራሷ አልነበረምና። ደግሞስ አንዲት ልብስ ሰፊ ያላየቻትን ልጅ ማስተማር ከቻለች፣ አጠገቡ ያለውን ትምህርት ቤት የሚያይ ባለጸጋ ለምን አይረዳም?

በ1911 ደግሞ ሆስፒታል ከፈተች። ምክንያቱ አንዲት ተማሪዋ በትርፍ አንጀት ሕመም ስትያዝ፣ በከተማው የነጮች ሆስፒታል ተገቢውን ማስተኛ ማጣቷ ነው። ያ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በ1923 ኩክማን ከሚባል የወንዶች ትምህርት ቤት ጋር ተዋሐደ፤ ኋላም ኮሌጅ ሆነ። ከ2007 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ስሙም ቤቲዩን ኩክማን ይባላል።

9. ከአንዲት ልብስ ሰፊ ወደ ትልቅ ድርጅት

እስካሁን ያየነው መልካም ልብ ያላቸው ሰዎች አንዲትን ልጅ እንዴት እንዳነሡ ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሜሪ ባቡር ስትሳፈር ጣቢያው ላይ ቆመው የሸኟት ልጆችስ? ለነርሱ ዴንቨር ውስጥ ልብስ ሰፊ አልነበራቸውም። ሜሪ ይህን ጥያቄ የረሳች አይመስልም፤ የኋለኛው ዘመን ሥራዋ በአብዛኛው ለዚሁ መልስ ፍለጋ ነበርና።

በ1930ዎቹ አሜሪካ በታላቅ የኢኮኖሚ ቀውስ ተይዛ ሳለ፣ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት በ1935 ብሔራዊ የወጣቶች አስተዳደር የሚባል መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ይህ መሥሪያ ቤት ለተቸገሩ ተማሪዎች በትርፍ ሰዓታቸው ሥራ እየሰጠ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ይከፍላቸው ነበር። ሜሪ ከ1936 ጀምሮ በዚህ መሥሪያ ቤት ውስጥ የጥቁሮች ጉዳይ ኃላፊ ሆና ሠራች። በወር 15 ወይም 20 ዶላር ለአንድ ድኻ ተማሪ በትምህርት በመቆየትና በመቅረት መካከል ያለ ልዩነት መሆኑን ለባለ ሥልጣኖቹ ስታስረዳ ከመጽሐፍ ያገኘችውን አልነበረም የምትናገረው። በስኮሺያ ወለል የወለወለች ሰው ናት።

በ1944 ደግሞ የተስኪጊ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበረው ፍሬድሪክ ፓተርሰን፣ ከሜሪና ከሌሎች ጋር ሆኖ የጥቁር ኮሌጆች የጋራ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ድርጅት አቋቋመ። 27 ኮሌጆች ለየብቻ መለመናቸውን ትተው በአንድነት መለመን ጀመሩ። ድርጅቱ ዛሬም ለተማሪዎች የነጻ ትምህርት ዕድል ይሰጣል። በ1888 አንዲት ሴት በመርፌዋ የጀመረችው ዓይነት ሥራ ከ56 ዓመት በኋላ በድርጅት ደረጃ ተደራጀ ማለት ነው። የግል ቸርነት ደግ ነው፤ ግን አንዱን ሲያነሣ ብዙውን ያልፋል። የተደራጀ ዕርዳታ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አፍሪካን ለማየት የነበራትም ምኞት ዘግይቶ ተሟላ። በ1952 የላይቤሪያ ፕሬዚዳንት ተብማን በዓለ ሢመት ላይ እንድትገኝ የአሜሪካ መንግሥት ልዑክ ሆና ሄደች። ያን ጊዜ 76 ዓመቷ ነበር። በ1955 አረፈች፤ የተቀበረችውም በትምህርት ቤቷ ግቢ ነው። በ2022 የፍሎሪዳ ግዛት የእብነ በረድ ሐውልቷን በዋሺንግተን በሚገኘው ምክር ቤት ሕንጻ ውስጥ አቆመ።

10. ከዚህ ታሪክ ለመምህር የሚሆን ትምህርት

ሀ. ተማሪን መፈለግ የመምህር ሥራ ነው። ኤማ ዊልሰን ከቤት ቤት ባትዞር ሜሪ ክፍል አትገባም ነበር። ምዝገባ አብቅቷል ብሎ መዝገብ መዝጋት ቀላል ነው። በማሳና በገበያ ያለውን ልጅ ማወቅ ግን እግር ይጠይቃል።

ለ. የወላጅን ሒሳብ እንወቅ። «ልጅህን ካላስተማርክ ኋላ ቀር ነህ» ብሎ መገሠጽ ወላጅን ያርቃል። የልጁ ጉልበት በየትኛው ወር ለምን ሥራ እንደሚፈለግ ጠይቀን፣ የሚቻለውን መፍትሔ ከወላጁ ጋር ብንፈልግ ይሻላል። ዊልሰን ሁሉንም ልጆች ካላገኘሁ ብላ አልተመለሰችም፤ አንዷን ይዛ ሄደች።

ሐ. ያቋረጠን ተማሪ አንርሳ። «አቋረጠ» ከሚለው ቃል አጠገብ ምክንያቱን እንጻፍ። ዕድል በሚመጣበት ቀን የሚጠራው ስም የሚገኘው ከዚያ ማስታወሻ ነው።

መ. ስም ስንጠየቅ በሐቅ እንስጥ። አንድ የነጻ ትምህርት ዕድል ሲመጣ ዘመድም፣ የባለ ሥልጣን ልጅም፣ ደጅ የሚጠናም ይኖራል። ዝም ብላ ኋላ የተቀመጠች ልጅ ግን ደጅ የምትጠናበት ጊዜም ሰውም የላትም። መምህሩ ካልጠራት ማንም አይጠራትም። በዚህ ላይ አድልዎ ማድረግ የማርክ ስሕተት አይደለም፤ የሰው ዕድሜ መስረቅ ነው።

ሠ. ዕርዳታ የትምህርት ክፍያ ብቻ አይደለም። ክፍያው ተሟልቶ በጫማ፣ በብርድ ልብስ፣ በመሳፈሪያ ምክንያት የሚቀር ልጅ አለ። ለሴት ልጅ ደግሞ የማደሪያው ደኅንነት ከሁሉ ይቀድማል። የሜይዝቪል ጎረቤቶች ያዋጡት ልብስና ካልሲ ከዴንቨር ገንዘብ ጋር እኩል ይቆጠራል።

ረ. ያልተመረጡትንም እናስተምር። ከ40 ተማሪ አንዱ ዕድል ሲያገኝ 39ኙ እኛው ዘንድ ይቀራሉ። እነርሱ ሚዛን ማንበብ፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ ሒሳባቸውን መቁጠር ከቻሉ የመምህሩ ድካም ከንቱ አልሆነም።

ሰ. የተረዳ ሰው አንገቱን መድፋት የለበትም። ሜሪ ዕዳዋን የከፈለችው ለልብስ ሰፊዋ ገንዘቡን በመመለስ ሳይሆን፣ ከኋላዋ ላሉት ልጆች በር በመክፈት ነው። ተማሪዎቻችን ዕርዳታን እንደ ምጽዋት ሳይሆን እንደ አደራ እንዲያዩት እናስተምራቸው።

11. የመወያያ ጥያቄዎች

በየክፍላችሁ በቡድን ሆናችሁ ተወያዩባቸው።

1ኛ. ኤማ ዊልሰን ሜሪን ለመምረጥ ምን ምን ማወቅ ነበረባት ብላችሁ ታስባላችሁ? ይህን ዕውቀት ከየት አገኘችው?

2ኛ. ወደ ልምምድ ትምህርት ቤት ስትሄዱ ከአንድ ክፍል ተማሪ ያቋረጡትን ስም ጠይቁ። የእያንዳንዳቸው ምክንያት ምን ነበር? ከምክንያቶቹ ውስጥ በገንዘብ የሚፈታው የትኛው ነው? በገንዘብ የማይፈታውስ?

3ኛ. ሁለት ተማሪዎች ለአንድ የነጻ ትምህርት ዕድል እኩል ቢሆኑና አንዷ ከሩቅ መንደር የምትመጣ፣ ሌላው የመምህር ልጅ ቢሆን በምን መመዘኛ ትመርጣላችሁ? መመዘኛችሁን ለሁለቱም ወላጆች ፊት ለፊት ማስረዳት ትችላላችሁ?

4ኛ. ሜሪ ወደ አፍሪካ እንዳትሄድ ስትከለከል ትምህርቷ ከንቱ ሆነ ማለት ይቻላል? ለምን?

5ኛ. እናንተ ራሳችሁ እዚህ ተቋም የደረሳችሁት ስማችሁን ማን ጠርቶላችሁ ነው? ያ ሰው ይህን እንደምታውቁለት ያውቃል? ካላወቀ ዛሬውኑ ደብዳቤ ጻፉለት።